አሥራ አምስተኛው ቋጠሮ

«በአሁኑ ሥራዎ ምን ያህል ይረካሉ?»

ረዳት ኢንስፔክተር ሰብሌ ከወልድያ ለጣቢያው አባላት በተላከው መጠይቅ ላይ ያለውን ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። ከሥሩ አምስት ትንንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ «በጣም እረካለሁ» ከሚለው ተነሥተው «ፈጽሞ አልረካም» እስከሚለው ይወርዳሉ። እስክሪብቶዋን በመጀመሪያው ላይ አንዣበበች፣ ወደ አምስተኛው ወሰደች፣ መልሳ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። የስንቱን ሰው ቃል ተቀብላ አስፈርማለች፤ የራሷን ቃል መስጠት ግን አቃታት።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በግራ እጃቸው ዱላቸውን ይዘው፣ በቀኝ ትከሻቸው የመንግሥት ክላሽ አንግተው ገቡ። ሰብሌ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ እጇ ሳታዝዘው ወደ ወገቧ ሄደ።

«አይዞሽ ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «ኢያቄም ነኝ፣ የልጓሙ ሰውዬ። ረሳሽኝ?»

«አልረሳሁም፣ አባቴ። መሣሪያውን ግን ከየት አመጡት?»

«የናንተው ነው። ወደ ገበያ ስወርድ ኬላው ላይ ያ ቀጭኑ ልጅ ተቀምጦ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ ነው። አንዱ ቀማኛ መጥቶ ቢወስድበት ነገ ምን ሊበላ ነው ብዬ ይዤለት መጣሁ።»

«ታዲያ አይቀሰቅሱትም?»

«ምን በወጣኝ! እንቅልፉ እንዴት ያሳዝናል መሰለሽ። ብርድ እንዳይመታው ጋቢዬን ደርቤለት መጣሁ እንጂ።»

ሰብሌ ጠመንጃውን ተቀብላ ካዝናውን አወጣች። «ይኼን ለማን ተናገሩ?»

«ለማንም። ለበሩ ጠባቂ፣ ደግሞ እዚህ ኮሪደር ላይ ላገኘሁት ለዚያ ለትልቁ ሹም ብቻ።»

ትልቁ ሹም ዋና ኢንስፔክተር የሻው ነው፤ የቀይ አፈር ንዑስ ጣቢያ ኃላፊ። ሰብሌ ዓይኗን ጨፈነች። ከላሊበላ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በዚህች ጣቢያ፣ እሱ አንዴ የሰማው ነገር እንዳልተሰማ አይሆንም።

ብዙም ሳይቆይ ከግቢው የሩጫ ኮቴ ተሰማ። ኮንስታብል ቢሆነኝ ላብ በላብ ሆኖ ገባ፤ መሣሪያው ተሰርቆ መስሎት ከኬላው ጀምሮ ሲሮጥ ነው የመጣው። የሽማግሌው ጋቢ እስካሁን ትከሻው ላይ ነው። ክላሹን በሰብሌ እጅ ሲያይ ግድግዳውን ተደግፎ «ተመስገን» አለ። ዋና ኢንስፔክተር የሻው ከኋላው ቆሞ ነበር።

«ቀበቶህን ፍታ» አለው።

«አለቃ፣ ሦስተኛ ሌሊቴ ነበር...»

«ቀበቶህን ፍታ ነው ያልኩህ። ከሥራ እንድትሰናበት የውሳኔ ሐሳብ ጽፌ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እፈርማለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ወደ ወልድያ በሚሄደው መኪና ይላካል።»

ቢሆነኝ ቀበቶውን ፈትቶ አስረከበና ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። አልተከራከረም፤ አላለቀሰም። ጋቢውን አጥብቆ ተከናንቦ መሬት መሬት ያያል።

አቶ ኢያቄም አንዴ ሰብሌን አንዴ ልጁን አዩ። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባቸው ዱላቸው ላይ ዘመሙ።

«እኔ ነኝ የገደልሁት» አሉ። «ላድነው ብዬ ገደልሁት።»

*

በጣቢያው ከኃላፊው ሌላ አሥራ አራት አባላት አሉ። ቀድሞ ሃያ ሁለት ነበሩ። ስምንቱ ወደ ሌላ ግዳጅ ሲሄዱ ሥራው አብሯቸው አልሄደም፤ ኬላውም፣ መጋዘኑም፣ የሌሊት ቅኝቱም የቀሩት ትከሻ ላይ ወረደ። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው የተረኛ ዝርዝር አንድን ሰው ሦስት ሌሊት አከታትሎ ያቆማል። አራተኛውን ቀን ይተኛል ይባላል፤ የሚተኛ ግን አልታየም።

ሰብሌ እዚህ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። የዚሁ የላስታ፣ የሙጃ ልጅ ናት። በዘጠኝ ዓመቷ አክስቷ ሐዋሳ ወሰደቻት፤ እዚያ አድጋ፣ እዚያ ሥነ ልቦና ተምራ፣ ቆይታም ፖሊስ ሆና፣ «አገሬን ላገልግል» ብላ ተመለሰች። አገሯ ግን ገና አላወቃትም። ስትናገር በአነጋገሯ እየቀለዱ «ሬዲዮ ከፈታችሁ?» ይላሉ። እሷም አገሯን ማወቋን ትጠራጠራለች። ደገኛው ዝም ሲል ተስማምቶ ይሁን ተቀይሞ መለየት ያቅታታል። ማታ ማታ፣ የተማርሁት ሁሉ ለሌላ አገር ሰው የተጻፈ ቢሆንስ ትላለች። ትሁን የምትባል የሐዋሳ ጓደኛዋ በአንድ ድርጅት ውስጥ የአማካሪነት ቦታ ይዛላታለች። ትናንት የላከችው መልእክት አጭር ነበር፦ «እስከ ቅዳሜ ማታ ቁርጡን ንገሪኝ። ከዚያ በላይ ማቆየት አልችልም።»

ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ሳጅን ሀቢብ መጠይቆቹን በሁለት እጁ አቅፎ ገባ። የሐርቡ ልጅ ነው፤ የጣቢያው ሳቅ ሁሉ ከእሱ ይነሣል። «አሥራ ሦስቱም ተሞልቷል፣ ኢንስፔክተር። ያንቺ ብቻ ነው የቀረው።»

ሰብሌ አገላበጠቻቸው። በአሥራ ሦስቱም ላይ «በጣም እረካለሁ» የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል። በአሥራ ሦስቱም ላይ ቀለሙ አረንጓዴ ነው።

«ሀቢብ።»

«አቤት።»

«ይኼን ማን ሞላው?»

«አባላቱ።»

«በአንድ እስክሪብቶ?»

ሀቢብ አንገቱን አከከ። «ወላሂ ለራሳቸው ሰጥቻቸው ነበር። ማዕረግ ይላል፣ ዕድሜ ይላል፣ የአገልግሎት ዘመን ይላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆነው ሳጅን እዚህ እኔ ብቻ ነኝ፤ ስሜን ባልጽፍ ማን ይጠፋዋል? ሁሉም አንተው ሙላልን አሉኝ። እኔም ረካሁላቸው።»

«ለአሥራ ሦስት ሰው ረካህ?»

«ከዚህም ከዚያም ሰብሰብ አድርጌ ነዋ። ለራሴ እንኳ አልተረፈኝም።»

ሰብሌ መሳቅ አልፈለገችም፤ ግን ሳቀች። ከዚያ ወረቀቶቹን ይዛ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

ዋና ኢንስፔክተር የሻው መስኮቱን ተደግፎ ወደ አሸተን ተራራ ያያል። ከፋይል ሣጥኑ ጀርባ የታጠፈ የሽቦ አልጋ አለ። ከተማ ውስጥ ቤት አለው፤ ከአምናው ክረምት ጀምሮ ግን የሚያድረው እዚሁ ነው። ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ፖሊስ ሆኗል፤ የዓመት ፈቃድ ከወሰደ አራት ዓመት አልፎታል።

«አለቃ፣ የቢሆነኝ ጉዳይ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም። ተረኛ ዝርዝሩ...»

«እኔ ስድስት ሌሊት ቆሜ አውቃለሁ።»

«ያኔ እንዴት እንደነበሩ ያስታውሳሉ?»

 ዓይኑን ወደ ያዘቻቸው ወረቀቶች ጣለ። «ሁሉም በጣም ረክተዋል አይደል? ሀቢብ ይዞት ሲያልፍ አይቼዋለሁ። እንግዲያው የተኛው አንድ ሰው ነው፤ ጥፋቱም የአንድ ሰው ነው። ፖሊስ ትእዛዝ ይበቃዋል፣ ሰብሌ። ደስታ ለሰርገኛ ነው።»

ወረቀቶቹን አቅፋ ወጣች። አሥራ ሦስት አረንጓዴ ውሸት ቢሆነኝን ሊያባርረው ነው።

*

አቶ ኢያቄም ገበያውን ትተው ከልጁ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የክበቡ ባለቤት ወይዘሮ ሐምዲያ ሻይ አምጥታላቸው፣ ልጁ ሳይነካው ቀዝቅዟል።

«እስኪ ይግቡ፣ አባቴ» አለች ሰብሌ። «የመጡበትን ጉዳይ እንጨርስ። ልጓሙ ምን ደረሰ?»

«እሱን ልነግርሽ ነበር አመጣጤ። ክሱን አንሺልኝ። ልጓሙ ተገኝቷል።»

«ማን ወስዶት ኖሯል?»

«እሱን አናውቅም።»

«ሌባው ሳይታወቅ እንዴት ይገኛል?»

ሽማግሌው ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል ተከሉ። «አውጫጭኝ ተቀመጥን። አርባ ሁለት አባወራ ነን። እያንዳንዱ እፍኝ አመድ በጨርቅ ቋጥሮ ይምጣ ተባለ። አንድ ባዶ ቤት ውስጥ ተራ በተራ እየገባ፣ ቋጠሮውን አስቀምጦ ወጣ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አወጣንና መፍታት ጀመርን። አመድ፣ አመድ፣ አመድ። በሠላሳኛው ላይ ልጓሜ አመድ ለብሶ ተኝቷል።»

«የማን ቋጠሮ እንደሆነ አላያችሁም?»

«ማየት ነውር ነው። የምናይ ቢሆን ኖሮ ማን ያመጣው ነበር?» ወደ እሷ ዘንበል አሉ። «ልጄ፣ የናንተ ሕግ ሌባውን ይፈልጋል። እኛ የምንፈልገው ልጓሙን ነው። ልጓሙ መጣ። የወሰደውም ሰው ይኼው ዛሬ ከኛው ጋር ያርሳል፤ የሰረቀው ሳይሆን የመለሰው ሆኖ።»

ሰብሌ ክሱን ስለ ማንሳት የሚለውን አንቀጽ ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር። ዓይኗ ግን ጠረጴዛው ላይ ባሉት አረንጓዴ ምልክቶች ላይ አረፈ። እነዚህን ሰዎች ማንነታችሁን አስታውቁና ሸክማችሁን ንገሩን ብለናቸው ኖሯል፤ በቀን ብርሃን፣ በማዕረጋቸው። ማን ያመጣዋል?

«አባቴ፣ ገበያውን ዛሬ ቢተዉት ይጎዳዎታል?»

«እዚያ ልጅ ላይ የሠራሁትን ሠርቼ ምን ገበያ አለኝ?»

ተነሥታ ወደ ኃላፊው ተመለሰች።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ ይስጡኝ። እውነተኛውን መልስ አመጣልዎታለሁ።»

«በምን?»

«በአመድ።»

ነገረችው። ሲሰማት ፊቱ ላይ ምንም አልተነበበም። ስትጨርስ፣ «ሐዋሳ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ይኼን ነው?» አለ።

«አይደለም። ይኼን የተማርሁት ዛሬ ጠዋት ነው፤ ከአቶ ኢያቄም።»

የሻው ወደ መስኮቱ ዞረ። ዝምታው ረዘመ። ተቀይሞ ይሁን ተስማምቶ እንደ ልማዷ መለየት አቃታት።

«እስከ ዘጠኝ» አለ በመጨረሻ። «ከዘጠኝ አንድ ደቂቃ ካለፈ እፈርማለሁ።»

በሩ ጋ ስትደርስ ጠራት።

«ጨርቁስ ከየት ነው?»

«መጋዘን ካለው አሮጌ የደንብ ልብስ።»

«እሺ» አለ፣ ሳይዞር።

*

ሐምዲያ የክበቡን ምድጃ ጠርጋ አንድ ባልዲ አመድ ሰጠች። «ፖሊስ ጣቢያ አመድ ሲለምነኝ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። ሀቢብ በመቀስ አሮጌ ሸሚዞችን እየቀደደ፣ «ስንቱን የቆሸሸ ነገር የቻለ ጨርቅ ነው፤ አመድማ ለሱ ምኑ ነው!» ይላል። ባልዲውና ቁራጮቹ ከመጋዘኑ በር ውስጥ ተቀመጡ።

ሰብሌ አባላቱን በግቢው ሰብስባ የነገረቻቸው ጥቂት ነው። «እዚህ ሥራ ላይ የከበዳችሁን ነገር በአመድ ሸፍናችሁ ቋጥሩ። ወረቀት አይደለም፣ ዕቃ ነው። በር ላይ ማንም አይቆምም። ማን ምን እንዳመጣ የሚጠይቅ ካለ ከኔ ጋር ነው የሚጣላው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ ኢያቄም ይፈቱታል።»

 ከዳር ያለችው ኮንስታብል አስቻለች፣ «ከበደን ያልነው ባልዲውን ቢሰብረውስ?» አለች። ሳቁ ሲነሣ ሰብሌ ትከሻዋ ቀለል አላት።

ቀኑን ሙሉ ወደ መጋዘኑ አላየችም። በወፍጮ ተራ የተጣሉ ሁለት ሰዎችን ቃል ተቀበለች፤ የጠፋ መታወቂያ መዘገበች። የመጋዘኑ በር ሲጮህ ጆሮዋ ይቆማል፤ አንገቷን ግን አላዞረችም። ሰባት ሰዓት ላይ ራሷ ገባች። ቁራጭ ጨርቅ ዘርግታ ቆመች። የከበደኝ ምንድን ነው? ስልኳን አወጣች፤ የትሁን መልእክት አለ። እሱ አይቋጠርም። ጥርጣሬም አይቋጠርም። ብዙ ቆማ፣ መጨረሻ ላይ እፍኝ አመድ ብቻ አስራ አስቀመጠች። ያፈረችው ከባዶው ቋጠሮ ይልቅ ሌሎቹ ከሷ ቀድመው ስለከመሩት ክምር ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግቢው መሐል ጠረጴዛ ወጣ። አባላቱ ዙሪያውን ቆሙ። ቢሆነኝ ከነጋቢው ከዳር ነው። ዋና ኢንስፔክተር የሻው ደብዳቤውን በእጁ ይዞ በረንዳው ላይ ቆሟል። አቶ ኢያቄም ቋጠሮዎቹን በጆንያ ላይ ደረደሩ።

«ስንት ናችሁ ልጆቼ?»

«አሥራ አራት» አለ ሀቢብ።

ሽማግሌው እንደገና ቆጠሩ። «ቋጠሮው አሥራ አምስት ነው።»

ሀቢብ ወደ ሐምዲያ ዞረ። «አንቺም ከበደሽ እንዴ?»

«እኔ የሚከብደኝ የናንተ በዱቤ ሻይ መጠጣት ነው፤ እሱ በጨርቅ አይቋጠርም!»

የመጀመሪያው ተፈታ። ከአመዱ ውስጥ ሦስት የተቃጠሉ የክብሪት እንጨቶች ወጡ። ሰው ሁሉ ተያየ። ሁለተኛውም ሦስት ክብሪት፤ ሦስተኛውም እንደዚያው።

«ሦስት ሌሊት» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ በቀስታ።

አራተኛው ባዶ የጨጓራ ክኒን ማሸጊያ ነበር። ከዚያ ተረከዙ እስከ ሥሩ ያለቀ የጫማ ሶል። ከዚያ ስሙ ተቀዶ የወጣ የፈቃድ መጠየቂያ፣ ግርጌው ላይ በቀይ «አይቻልም»፤ ሌላም እንደሱ። የሰርግ ጥሪ ካርድ፣ ቀኑ ካለፈ ሰባት ወር የሆነው። የሕፃን ካልሲ፣ አንድ እግር ብቻ። የቤት ቁልፍ። የተሰበረ ፊሽካ። አውራ ጣት የሚያህል ድንጋይ፤ መቼ እንደተወረወረ፣ ማን ላይ እንዳረፈ ከመካከላቸው የማያውቅ የለም። ግን ማንም ወደ ማንም አላየም።

አረንጓዴ እስክሪብቶ ሲወጣ ሳቁ ፈነዳ። ሀቢብም ሳቀ፤ ከሁሉም ቀድሞ የቆመው ግን የሱ ሳቅ ነው። «የኔንስ አወቃችሁብኝ» አለ። «ለሰው ሁሉ እየረኩ መኖር፣ ወላሂ ይደክማል።» አስቻለች ክንዱን ያዘችው።

ከዚያ አመድ ብቻ ያለበት ተፈታ። «ይኼስ ረክቷል!» አለ አንዱ። ሰብሌ ፊቷ ሲግል ተሰማት።

አቶ ኢያቄም በክምሩ ላይ ዓይናቸውን አሳርፈው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚያንጎራጉሩ ሆነው፣

«ላዩ አመድ ነው እንጂ የዝምተኛ ሆድ፣
ውስጡ ፍም ይዞ ነው ሳይጨስ የሚነድ» አሉ።

አንድ ቋጠሮ ቀርቷል። ከሌሎቹ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ነው፤ ሽማግሌው በጥርሳቸው ፈቱት። አመዱን በጣታቸው በተን ሲያደርጉት አንዲት ጥይት ተንከባላ ጠረጴዛው ላይ ቆመች። አጭር ናት፤ ድቡልቡል።

«የክላሽ አይደለችም» አለ ሀቢብ። ሳይታወቀው ነው ያመለጠው። «የሽጉጥ ናት።»

በጣቢያው ሽጉጥ የሚታጠቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ሰብሌ ናት። እሷም የራሷ ካዝና ሙሉ እንደሆነ ታውቃለች።

የፖሊስ ሥራው ማየት ነው። ያን ጊዜ ግን አሥራ አራት ፖሊስ ላለማየት ተባበረ። ሀቢብ አሸተን ተራራን አየ። አስቻለች ጫማዋን። ቢሆነኝ የጋቢውን ጥለት። ወደ በረንዳው ቀና ያለ አንድም ዓይን አልነበረም። አቶ ኢያቄም ጥይቷን በመዳፋቸው ሸፍነው አነሡና ለሰብሌ አስጨበጧት። ሞቃለች።

«መጥቷል» አሉ። «የመጣ ነገር ከእንግዲህ አይጎዳም።»

ከበረንዳው የወረቀት መቀደድ ተሰማ። ዋና ኢንስፔክተር የሻው ደብዳቤውን ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ቀደደው። ወርዶ የተረኛ ዝርዝሩን ከግድግዳው ገነጠለና ጠረጴዛው ላይ፣ ከአመዱ አጠገብ አኖረው።

«ይኼን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ሻካራ ነበር። «ሦስት ሌሊት አከታትሎ መቆም ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። አንድ ሌሊት፣ ሁለት ዕረፍት። ሰው አነሰ ከተባለ የቢሮ ሥራ የምንሠራውም ኬላ እንወጣለን። መኪናው ከመሄዱ በፊት ሰው እንዲጨመርልን ደብዳቤ እጽፋለሁ።» ሁለቱን የፈቃድ መጠየቂያዎች ከአመዱ አንሥቶ አራገፋቸው። «የእነዚህ ባለቤቶች ሰኞ እንደገና ይጻፉ። ቢሆነኝ!»

«አቤት አለቃ!»

«መሣሪያህን ተረከብ። ከዚያ ሄደህ ተኛ። ትእዛዝ ነው።»

ሐምዲያ እልልታዋን ለቀቀችው። ግቢው ተናወጠ። ሀቢብ ቢሆነኝን ከነጋቢው ብድግ አድርጎ ሲያዞረው፣ በመንገድ የሚያልፉ ገበያተኞች ፖሊስ ጣቢያ ሰርግ አለ ወይ ብለው በአጥሩ አሾልቀው አዩ። አስቻለች የተሰበረውን ፊሽካ አንሥታ ነፋችው፤ እንደዚያም ሆኖ ድምፅ ነበረው። አቶ ኢያቄም ዱላቸውን ወደ ላይ ወርውረው ዘለው ቀለቡ፤ በዚያ ዕድሜ እንዲያ ይዘላሉ ብሎ የገመተ አልነበረም። ሰብሌ መሐላቸው ቆማ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። የላስታ ሰው ዝም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ፣ በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት።

*

መኪናው ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው የሻው ወደ ቢሮዋ መጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። የወገቡን ሽጉጥ አውጥቶ፣ ካዝናውን ነቅሎ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«ሰባት ጥይት ብለሽ መዝግቢ» አለ። «ስምንተኛዋ አንቺ ጋ ናት። ሽጉጡ ከእንግዲህ ሌሊት አብሮኝ ባያድር ይሻላል።»

ሰብሌ መዝገቡን ከፈተች። «ሰባት» ብላ ጻፈች። ምንም አልጠየቀችም፤ መጠየቅ ነውር ነው።

«ፈቃዴን ልወስድ ነው። በዚሁ መኪና ወደ ወልድያ እወርዳለሁ፤ እህቴ እዚያ ናት። ሐኪምም አያለሁ።» ቃሉ ከአፉ ለመውጣት ተቸግሮ ነበር፤ ከወጣ በኋላ ግን ትከሻው ዝቅ አለ። «ለእህቴ ደውያለሁ፤ መናኸሪያው ድረስ ትመጣለች።»

«ጥሩ አደረጉ፣ አለቃ። እኔም ማታ እደውላለሁ። ነገም እደውላለሁ።»

«እስክመለስ ጣቢያው ያንቺ ነው። ትቀበያለሽ ወይስ...» ንግግሩን አልጨረሰም። ስለ ሐዋሳው ሥራ ያውቅ ኖሯል፤ እሱ የማያውቀው ነገር የለም።

ሰብሌ ሽጉጡንና ስምንቱን ጥይት መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ከተተች። ቆለፈች። ቁልፉን በአንገቷ ካለው ማተብ ላይ አሰረችው።

«መኪናው እንዳያመልጥዎ» አለች።

አሥራ ሦስቱን መጠይቆች «መልሶቹ ትክክል ስላልሆኑ እንደገና እንዲሞሉ ጊዜ ይሰጠን» ከሚል ማስታወሻ ጋር ላከች። አሥራ አራተኛው የራሷ ነው። ሳጥኖቹን አልነካቻቸውም። ከጎናቸው ባለው ባዶ ቦታ ላይ «ዛሬ፣ አዎ» ብላ ጻፈችና ከሌሎቹ ጋር አሸገችው።

ከዚያ አዲሱን የተረኛ ዝርዝር ከፈተች። በመጀመሪያው መስመር፣ ቅዳሜ ማታ ኬላ በሚለው ላይ፣ የራሷን ስም አሰፈረች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በብልባላ መንገድ ወደ ኬላው ስትሄድ ገበያተኛው ከነአህያው እየተመለሰ ነበር። አቶ ኢያቄም ጋቢያቸውን አልወሰዱም፤ «የኬላው ይሁን፤ ማታ የቆመ ሁሉ ይልበሰው» ብለው ለቢሆነኝ ትተውለት፣ እሱ ደግሞ ለሷ አቀበላት። ተከናነበችው። ጢስ ጢስ ይላል፤ ትንሽም አመድ።

ስልኳን አወጣች። «ትሁን፣ አልመጣም። የመሣሪያ ሣጥኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው» ብላ ጻፈች። ትሁን ምንም እንደማይገባት ታውቃለች። ልታብራራላት ሦስት ጊዜ ጀመረች፣ ሦስቴም አጠፋችው። እንዳለ ላከችው።

መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለት ምልክቶች ወዲያው ታዩ። መልስ ግን ያን ቀን አልመጣም፤ ከዚያ ወዲያም አልመጣም።